«ወንድ ልጅ እንዲህ ነው የሚቆመው»

ለንደን፣ ቴት ሞደርን ውስጥ የዛኔሌ ሙሆሊን ፎቶዎች ሳይ መጀመሪያ የያዘኝ የሰዎቹ ዓይን ነው። ሙሆሊ የደቡብ አፍሪካ ሰው ናቸው፤ ኖን-ባይነሪ። ራሳቸውን ወንድ ወይም ሴት ብለው አይመድቡም። እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመሩት «ፌስስ ኤንድ ፌዝስ» የአገራቸውን ጥቁር ሌዝቢያኖችና ትራንስጀንደር ሰዎች (ሲወለዱ ከተባሉት ፆታ የተለየ ፆታ ያላቸውን) በጥቁርና ነጭ ፎቶ ያሳያል። አብዛኞቹ ካሜራውን ትክ ብለው ያያሉ። እንዲህ ቁሙ ያላቸው ሰው ያለ አይመስልም።

ሐዋሳ ስመጣ የእህቴን ልጅ ለምረቃ ፎቶ ስቱዲዮ ይዤው ሄድኩ። ፎቶ አንሺው ጎበዝ ነው፤ ሰውም ያከብራል። «እጅህን ኪስህ ክተት። ደረትህን ነፋ አድርግ። ወንድ ልጅ እንዲህ ነው የሚቆመው» አለው። ቀጥላ የገባችውን ልጅ ደግሞ አንገቷን ዘንበል አስደረጋት። እጇን አገጯ ሥር አስያዛት። «ፈገግ በይ እንጂ የኔ ቆንጆ!» የእህቴ ልጅ ፎቶውን አየና «እኔን አልመሰለም» አለ። ስንቶቻችን ነን አልበማችን ውስጥ እንዲህ ተገትረን የቀረነው? ወንድነትና ሴትነትን ከምንማርባቸው ቦታዎች አንዱ እኮ ያ መጋረጃ ፊት ነው።

ከዚህ የወንድና የሴት አቋቋም መውጣትን «የፈረንጅ ጣጣ ነው» የሚሉኝ አሉ። ፎቶ አንሺው ሳሙኤል ፎሶ ግን በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ ባንጊ ስቱዲዮ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ ገና በ13 ዓመቱ ነው። ደንበኞቹ ሲሄዱ በተረፈው ፊልም ራሱን ያነሳ ነበር፤ ሱሪው ቤል ቦተም፣ ጫማው ባለ ታኮ። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ የሴት ልብስ ለብሶ፣ ተኳኩሎ ራሱን አነሳ። ይህ ሁሉ የአፍሪካ ስቱዲዮ ልጅ ሥራ ነው።

ልዩነቱ ከፎቶው በኋላ ያለው ነው። ለንደን ፎቶህ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አንተ አውቶቡስ ይዘህ ቤትህ ትገባለህ። እዚያም ስድብ አይጠፋም፤ ግን ሕግ አለልህ። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. የ1996ቱ ሕገ መንግሥት በፆታዊ ዝንባሌ ማግለልን ይከለክላል፤ ጥቃቱ ግን አልቆመም። እኛ ጋ ደግሞ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት በሕግ ያስቀጣል። ወንድም ሴትም አይደለሁም ማለት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሰፈር ግን አይለይም። በ2023 ቲክቶክ ላይ የሰዎችን ስምና ፎቶ እየለጠፉ ጥቃት ሲቀሰቅሱ አይተናል። ስለዚህ እኛ ውጭ ያለነው አገር ቤት ያሉትን «ፊታችሁን አሳዩ» ልንላቸው አይገባም። መዘዙን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። በጀርባ፣ በእጅ፣ በጥላ ብቻ የተነሳ ፎቶም ሙሉ ሥራ ነው።

የሐዋሳ ፎቶ አንሺዎችን የምለምነው ቀላል ነገር ነው። ደንበኛው መጀመሪያ እንደፈለገው ይቁም። አንድ ሁለቴ እንደዚያው አንሱት። የለመዳችሁትን ከዚያ በኋላ ታደርሳላችሁ።