ውዳሴ መዶሻ

ሰሞኑን «በሕይወት ካሉት ሁሉ ውድ ሠዓሊዎች» የሚባለው ዝርዝር እንደገና ከአፍ ወደ አፍ መዞር ጀምሯል። እናንተም ሳትሰሙት አልቀራችሁም፤ ስምና ሚሊዮን እያጣመረ በቃሉ የሚያንበለብል ሰው የሌለበት ጉባኤ ጠፍቷልና። ለእኔ የደረሰኝ አዋቂ የእንግሊዛዊው ሠዓሊ የዴቪድ ሆክኒ ሥዕል በ2018 ኒውዮርክ ውስጥ በጨረታ በ90.3 ሚሊዮን ዶላር መሸጡን (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአድናቆት ከተረከልኝ በኋላ፣ ሥዕሉ ላይ ምን እንዳለ ጠየቅሁት። «መዋኛ መሰለኝ» አለና ወደሚቀጥለው ሚሊዮን ተሻገረ።

እንዲህ ያለውን ሰው መንቀፍ ውለታ ቢስነት ነው። ሥዕል ማየት ከዚህ ቀደም ምን ያህል አድካሚ ሥራ እንደነበረ የሚያስታውስ ሁሉ ሊያመሰግነው ይገባል። ያኔ ተመልካች ከሸራው ፊት ቆሞ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፣ ዐይኑ ለምን ወደ አንድ ጥግ እንደሚሳብ ራሱን ሲጠይቅ ይውል ነበር፤ አንዳንዱማ ሳይገባው ሄዶ በማግስቱ ደግሞ ይመጣ ነበር። እነዚያ ጊዜ የተረፋቸው ሰዎች ስለዚህ የሆክኒ ሥዕል ቢጠየቁ ያንዛዙት ነበር። ሮዝ ኮት የለበሰ ወጣት መዋኛው ጠርዝ ላይ ቆሞ ነጭ ቁምጣ ታጥቆ ከውኃው በታች የሚዋኘውን ሰው ቁልቁል እንደሚመለከት፣ የውኃው ነጫጭ መስመሮች የዋናተኛውን ገላ እንደሚያዛቡት፣ በሁለቱ መካከል ያለው ነገር ፍቅር ይሁን ስንብት እንደማይለይ ይነግሯችሁ ነበር። ሐሳቡ የመጣው ስቱዲዮው ወለል ላይ በአጋጣሚ ጎን ለጎን ከወደቁ ሁለት ፎቶግራፎች መሆኑን፣ ሠዓሊው የመጀመሪያውን ሙከራ ጥሎ በ1972 ለኤግዚቢሽን ለማድረስ ሁለት ሳምንት ያህል በቀን 18 ሰዓት እየሠራ እንደ አዲስ መሣሉንም ይጨምሩበት ነበር። ዛሬ «90.3» ብሎ መገላገል ተችሏል።

የዝርዝሩ አዘጋጆችም በጥቃቅን ነገር አይጨነቁም። በ«ሠዓሊዎች» ዝርዝር አናት ላይ የተቀመጠው ብሩሽ ያልነካው ጥንቸል ነው። ጄፍ ኩንስ በ1986 የሠራው ይህ ቅርጽ በአየር የሚነፋ የልጆች መጫወቻን መስሎ ከሚያብረቀርቅ ስቴንለስ ስቲል የተሠራ ነው፤ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ ካሮት ይዟል፣ ዐይንና አፍ የለውም፣ ተመልካቹም ገጽታው ላይ የሚያየው የራሱን መልክ ነው። በ2019 ኒውዮርክ ውስጥ 91.1 ሚሊዮን ዶላር ሲያወጣ ሆክኒ ከዙፋኑ ወረደ። ቅርጽን ከሥዕል ጋር ምን አወዳደረው የሚል ቢኖር፣ ሁለቱም በዶላር ይሸጣሉና መልሱ ግልጽ ነው።

አሁን ወደምወደው ምሳሌ ልምጣ፤ ስለዚህ ጉዳይ ባወራ ባወራ አልጠግብም። አጫራቹ ጨረታውን ለመዝጋት መዶሻውን ያሳረፈበት ዋጋና በማግስቱ በዜና የምንሰማው ዋጋ አንድ አይደሉም። መዶሻው ካረፈ በኋላ ጨረታ ቤቱ ከገዢው የሚወስደውን ኮሚሽን ይጨምራል፤ ለዜና የሚበቃው ድምሩ ነው። የሆክኒ ሥዕል መዶሻው ያረፈበት በ80 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የኩንስ ጥንቸልም መዶሻው ያረፈበት በዚያው ከተማ፣ በዚያው ጨረታ ቤት፣ በ80 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ታዲያ ጥንቸሉ በምን አሸነፈ? በሁለቱ ጨረታዎች መካከል፣ በ2019 መጀመሪያ ላይ፣ ቤቱ የኮሚሽን ተመኑን አሻሽሎ ነበር። ቀድሞ ከመጀመሪያው 250,000 ዶላር ላይ 25 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 4 ሚሊዮን ድረስ 20 በመቶ፣ ከ4 ሚሊዮን በላይ ካለው ደግሞ 12.5 በመቶ ይወስድ ነበር፤ በአዲሱ ተመን የመጀመሪያው እርከን እስከ 300,000 ዶላር ተዘረጋ፣ የመጨረሻውም ወደ 13.5 በመቶ ከፍ አለ። ወረቀትና እርሳስ ያለው ሰው ራሱ ሊያሰላው ይችላል። የ80 ሚሊዮን ዶላር ኮሚሽን በአሮጌው ተመን 10,312,500 ዶላር፣ በአዲሱ 11,075,000 ዶላር ይሆናል። ልዩነቱ 762,500 ዶላር ነው፤ ሆክኒ የተበለጠውም በዚሁ ልክ ነው፣ ሳንቲም አልጎደለም፣ ሳንቲም አልተረፈም።

እንግዲህ የዓመቱ ታላቅ የጥበብ ሰው ማን እንደነበረ አስቡት። ሠዓሊዎች አንዲት መስመር ልክ እንድትሆንላቸው ዕድሜያቸውን ይፈጃሉ፤ ተመኑን ያሻሻለው ሰው ግን 12.5 የሚለውን ሰርዞ 13.5 ጻፈና ተነሥቶ ምሳውን ሊበላ ሄደ። ለዚህ ስሙ ላልታወቀ የሒሳብ ሠራተኛ ሐውልት ይገባዋል፤ ሐውልቱም ስቴንለስ ስቲል ቢሆን ደስ ይለኛል። የጥበብ ተቺዎች ጥንቸሉ ገጽታ ላይ ስለሚታየው ነጸብራቅ መጣጥፍ ከሚያበዙ፣ የአንድ በመቶውን ጭማሪ ቅንብርና ሚዛን ቢተነትኑ የት በደረሱ ነበር። የጥበብ ትምህርት ቤቶችም ብርሃንና ጥላ ከሚያስተምሩ የእርከን ተመን አሠራር ያስተምሩ። ተማሪው ለምረቃው አንድ ደረሰኝ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፤ መምህራኑም አገጫቸውን ይዘው ዙሪያውን እየቆሙ «የመጀመሪያው እርከን ጥሩ ነው፤ ከ4 ሚሊዮን በላይ ያለው ክፍል ግን ደፈር ማለት ነበረበት» እያሉ ያርሙታል። ጎበዝ የተባለው ተማሪ በጥቅል ድምሩ ግርጌ ሁለት መስመር ያሰምራል፤ ያ ሁለተኛው መስመር ፊርማው ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመሰገነው ጭብጨባው ነው። መዶሻው ሲያርፍ አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። የሆክኒ ሥዕል ሲሸጥ ከተሣለ 46 ዓመት ሆኖት ነበር፣ ስለዚህ ጭብጨባው ለሠዓሊው ሊሆን አይችልም፤ የሚጨበጨብለት ብዙ ገንዘብ ያለው ሰው ብዙ ገንዘብ ማውጣት በመቻሉ ነው። ፉክክሩ ልብ ቢያንጠለጥልም፣ ለአንዳንድ ሥራዎች አንድ የውጭ ሰው ከጨረታው በፊት በተወሰነ ዋጋ ሊገዛ ቃል ገብቶ ይጠብቃል፤ ሌላው ከበለጠውም ከትርፉ ይካፈላል። የተገዛው ሥራ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል ብሎ የሚያስብ የዋህ ካለ፣ ጄኔቫን በመሰሉ ከተሞች ከቀረጥ ነፃ መጋዘኖች መኖራቸውን ይወቅ። እዚያ ሥዕሉ በእንጨት ሣጥን ታሽጎ፣ ሙቀቱና እርጥበቱ ተመጥኖለት፣ ከማንኛውም ተመልካች ዐይን ተጠብቆ ይቀመጣል። በጥበብ ሥራነት ግድግዳ ላይ ስለተለጠፈው ሙዝ ምንም አልልም፤ በ2024 በ6.2 ሚሊዮን ዶላር የገዛው ሰው ልጦ በልቶታልና፣ ከገዢዎች ሁሉ የገዛውን ነገር ለታለመለት ዓላማ ያዋለ እሱ ነው።

ሠዓሊዎቹ ራሳቸው ግን ነገሩ ገና አልገባቸውም። የ1986 ረቂቅ ሥዕሉ በ2015 ለንደን ውስጥ ከ30 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የተሸጠለት ጌርሃርድ ሪሽተር ሥራዎቹ የሚያወጡት ዋጋ ስሜት የማይሰጥ መሆኑን በአደባባይ ተናግሯል። ምስኪን፣ ሲሥል ኖሮ ስለ ሥዕል ሳይማር ቀረ።

«የተሸጠለት» አልኩ እንጂ ለእሱ አልተሸጠም። ሆክኒ ያን መዋኛ በ1972 ሲለቅ የተከፈለበት 18,000 ዶላር ነበር፤ ከ80 ሚሊዮኑ ውስጥ ግን የአሜሪካ ሕግ ለሠዓሊው ቤሳ አይሰጠውም። አውሮፓ ውስጥ የዳግም ሽያጭ ድርሻ የሚባል መብት አለ፤ ጣሪያው ግን ዋጋው የፈለገውን ያህል ቢያሻቅብ ለአንድ ሽያጭ 12,500 ዩሮ ነው። በ1973 ኒውዮርክ ውስጥ፣ አንድ ሰብሳቢ በ1958 በ900 ዶላር የገዛው የሮበርት ራውሸንበርግ ሥዕል በ85,000 ዶላር ሲሸጥ፣ ሠዓሊው ሻጩን ፊት ለፊት ገጥሞ ቁጣውን አሰምቶ ነበር። የዚያ አገር የፌዴራል ሕግ ግን ዛሬም ለሠዓሊው የዳግም ሽያጭ ድርሻ አይሰጥም። ሆክኒም ሆነ ራውሸንበርግ አልተራቡም፤ የሚያንገበግበኝ ስሙን የማናውቀው ወጣት ነው። ነጋዴው ሥዕሎቹን ገና ቀለማቸው ሳይደርቅ በርካሽ ይሰበስባል፣ በዓመቱ ጨረታ አውጥቶ ዋጋውን ይሰቅላል፣ ትርፉን ይዞ ይወጣል፤ ዋጋው ሲወድቅ የሚወድቀው ግን ሠዓሊው ነው። የትናንቱ ጋለሪ ስልኩን አያነሣለትም። አንዲት መስመር ሳይበላሽበት፣ እጁ ሳይደክም፣ «ያለፈበት» ተብሎ ይጣላል። ይህ ዝርፊያ ነው፤ የሚጨበጨብለት ዝርፊያ መሆኑ ደግሞ የባሰ ያሳፍራል።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። በኢትዮጵያ የተወለደችው ጁሊ ምህረቱ በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ሥዕሏ 10.7 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ፣ በአፍሪካ ከተወለዱ ሠዓሊዎች በጨረታ ከፍተኛው ሆኖ ሲመዘገብ በአንድ ሌሊት ስንት አድናቂ እንዳገኘች ታስታውሳላችሁ። የሕንፃ ንድፎችን ደራርባ በላያቸው የቀለምና የጥቁር መስመር መንጋ የምትለቅባቸውን፣ ደግሞም የምትፍቃቸውን ሰፋፊ ሸራዎች ለዓመታት ዞር ብሎ ያላየ ሰው ሁሉ «እኔ ድሮም ብያለሁ» አለ። ምን እንዳለ የጠየቀው የለም፤ 10.7 እንዳለ እንገምታለን።

በመጨረሻ ክብረ ወሰን ናፋቂዎችን የሚያጽናና ወሬ አለኝ። ሌላ ስመ ጥር ጨረታ ቤት በ2024 ኮሚሽኑን እስከ 6 ሚሊዮን ዶላር 20 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 10 በመቶ ብቻ አድርጎ ነበር። አደጋው ከባድ ነበር፤ በዚያ ተመን የ80 ሚሊዮን መዶሻ የሚያወጣው 88.6 ሚሊዮን ብቻ ስለሆነ፣ ጥንቸሉ እዚያ ቢሸጥ ኖሮ ከሆክኒ በታች ተቀምጦ ይቀር ነበር። ደግነቱ ቤቱ በዓመቱ ተጸጽቶ እስከ 2 ሚሊዮን 27 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 8 ሚሊዮን 22 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 15 በመቶ አደረገው። በዚህ ተመን ያው 80 ሚሊዮን 92,660,000 ዶላር ይሆናል። አዲሱ ክብረ ወሰን ማንም አንዲት ዶላር ጨምሮ ሳይጫረት፣ ማንም ሠዓሊ ብሩሽ ሳያነሣ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ ከወዲሁ መሸምደድ የምትፈልጉ ቁጥሩን ጻፉት።