መሬት ወደ ጎን አይቆፈርም

ኤክሴል ላይ የግራፍን ኤክስና ዋይ ለማቀያየር ሁሉም «ተጫናት» የሚልባትን፣ «ስዊች ሮው/ኮለም» የምትባለዋን በተን ያወጣት ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። ለጠብ አይደለም። አንድ ስካተር ቻርት (እያንዳንዱን ነጥብ በኤክስና በዋይ ቁጥሩ የሚያስቀምጠውን ግራፍ) ከፍቼለት፣ «በል እስቲ ጌታው፣ ኤክሱን ወደ ዋይ፣ ዋዩን ወደ ኤክስ አዙርልኝ» ብዬ እጄን አጣጥፌ ላየው ነው።

የአፈር ቴሲስ የሠራ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ከላይ ወደ ታች በየ20 ሳንቲው ናሙና ይወሰዳል፣ ፒኤቹ (የአሲድነቱ ልክ) እና ኦርጋኒክ ካርቦኑ ላብ ገብቶ ይለካል። ሠንጠረዡ ላይ ጥልቀት በግራ ይገባል፣ ከሱ ቀጥሎ ጉድጓድ ሀ፣ ጉድጓድ ለ፣ ጉድጓድ ሐ እያለ ይሄዳል። ጤነኛ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚመዘግበው። ከዚያ ኢንሰርት፣ ቻርት። ኤክሴል ጥልቀቱን አጋድሞ ያመጣዋል። አድቫይዘሬ ግራፉን አዩና ጎኑ ላይ አንዲት መስመር ጻፉበት፦ «መሬት ወደ ጎን ነው እንዴ የሚቆፈረው?»

እውነታቸውን ነው። የአፈር ጥልቀት ሲሳል ቁልቁል ነው የሚሄደው፣ ዜሮው ላይ፣ መቶው ታች። የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍሩትም፣ የሐይቅ ሙቀት በየጥልቀቱ የሚለኩትም እንደዚያው ነው የሚስሉት። ኢኮኖሚክስ የተማረ ደግሞ ዋጋና የሚፈለገውን መጠን የሚያሳየውን የዲማንድ ከርቭ ያስታውስ። ኢኮኖሚስቱ አልፍሬድ ማርሻል በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ካስለመደው ጀምሮ ዋጋ ቆሞ፣ መጠን ተጋድሞ ነው የሚሳለው። ዋጋን በግራ ኮለም ያስገባ የፍሬሽማን ተማሪ ኤክሴል ላይ ተገልብጦ ያገኘዋል። ስለዚህ እባካችሁ «ምን ለውጥ አለው፣ ቁጥሩ ያው ነው» አትበሉኝ። ለውጥ አለው።

ወደ በተኗ ልመለስ። ይህች በተን አክሲስ፣ ማለትም ኤክስና ዋይን፣ አትቀይርም! የምትቀይረው የትኛው ሲሪስ (በአንድ ቀለም የሚሳለው መስመር)፣ የትኛው ካታጎሪ (ከታች የሚደረደረው ስም) ይሁን የሚለውን ብቻ ነው። መስመር የነበሩት ጉድጓዶች ይቀሩና ጥልቀቶቹ መስመር ይሆናሉ። የተለካው ቁጥር ግን ዋይ ላይ እንደቆመ ነው፣ ንቅንቅ አይልም። ስካተር ላይ ስትጫናት ደግሞ የጉድጓዶቹን ስም ወደ ኤክስ ትወስድና 1፣ 2፣ 3 ብላ ትቆጥራቸዋለች። ፒኤች ፈልጌ ተራ ቁጥር!

ዩቲዩብ ላይ «አክሲስ እንዴት ይቀያየራል» ብላችሁ ፈልጉ። የሚመጣላችሁ ሰውዬ የሽያጭ ሠንጠረዥ ይከፍታል፣ ወራት በአንድ በኩል፣ ሸቀጥ በሌላ በኩል። ባር ቻርት ይሠራል። በተኗን ይጫናል። ቀለሙ ይቀያየራል፣ ሰውዬው «አያችሁ?» ይላል። ምኑን ነው ያየነው? ብሩ ያው ቆሞ ነው ያለው! ሌላው ደግሞ «ዳታውን ትራንስፖዝ አድርጉት» ይላል፣ ሮውን ኮለም፣ ኮለሙን ሮው አድርጉት ማለቱ ነው። ትራንስፖዝ የሚያደርገውም ያንኑ ነው፣ ልዩነቱ ሠንጠረዥህንም አብሮ ማበላሸቱ ነው።

ትክክለኛው መንገድ ይኸውላችሁ። ቻርቱ ላይ ራይት ክሊክ፣ ሴሌክት ዳታ፣ ሲሪሱን መርጠህ ኤዲት። ከሲሪሱ ስም ሥር ሁለት ሳጥን ይመጣል፣ አንዱ የኤክስ፣ አንዱ የዋይ። የላዩን ታች፣ የታቹን ላይ ማድረግ ነው በቃ። መሃላቸው ላይ ባለ ሁለት አቅጣጫ ቀስት ያላት ትንሽዬ በተን ብትኖር እኮ አለቀ። ጉግል ትራንስሌት እንኳ ሁለት ቋንቋ ለማቀያየር አለችው። ኤክሴል እ.ኤ.አ. በ1985 ለማኪንቶሽ ወጥቶ እስከ ዛሬ ድረስ ይህችን ቀስት የሚስልለት ጠፋ?

ስለሌለች የላዩን ኮፒ አድርገህ ታች ስትለጥፍ የታቹ ይጠፋል። ኖትፓድ ከፍተህ አንዱን እዚያ ማስቀመጥ አለብህ። አንድ ቁጥር ለማረም ብለህ ሳጥኑ ውስጥ የቀስት ቁልፍ የነካህ እንደሆነ ጉድ ፈላ፦ ከርሰሩ ወደ ጎን በመሄድ ፈንታ ሌላ የሴል አድራሻ መሃል ላይ ይሰነቅርብሃል። ኤፍ2 ከተጫንክ ይተዋል። ይህን የሚነግርህ አንድም ጽሑፍ እዚያ ሳጥን አካባቢ የለም።

እሱም ለአንድ ሲሪስ ነው። ለእያንዳንዱ ጉድጓድ እንደገና ኤዲት፣ እንደገና ኖትፓድ፣ እንደገና ኦኬ። ኮለሞቹን ቀድሜ ባዘዋውርስ? ኮለምህ ሁለት ብቻ ከሆነ ይሠራል፣ ኤክሴል በግራ ያለውን ኤክስ አድርጎ ይወስዳልና። ከሁለት በላይ ከሆነ ግን አበቃ። ጥልቀትን ወደ መጨረሻ ስትወስደው ጉድጓድ ሀ ኤክስ ሆኖ ይቀመጥና ሌሎቹ በእሱ ላይ ይሳላሉ። አንድ ኤክስ ለብዙ ዋይ ይፈቀዳል። ብዙ ኤክስ ለአንድ ዋይ ግን በእሱ ሃይማኖት ነውር ነው።

ጨረስኩ ስትል ደግሞ የአክሲሱ ስም አብሮ አልዞረም። ጥልቀቱ ቆሞ «ፒኤች» ይላል፣ ፒኤቹ ተጋድሞ «ጥልቀት በሳንቲሜትር» ይላል። ቀድመህ ፒኤቹን ከ4 እስከ 9 ብለህ ወስነኸው ከነበረ ያ ወሰን እዚያው ዋይ ላይ ይቀራል፣ አሁን ግን ዋይ ላይ ያለው 10፣ 30፣ 50 ነው፣ ስለዚህ ነጥቦችህ በሙሉ ከግራፉ ውጭ ናቸው። ባዶ ሳጥን ትክ ብሎ ያይሃል። ጀማሪ ቢሆን ዳታው የጠፋ መስሎት ያለቅሳል።

ልመርቅላችሁ? ጥልቀቱን 10-20 ብላችሁ ጻፉ እስቲ። የአሜሪካ ሴቲንግ ላይ ከሆነ ኦክቶበር 20 ያደርገዋል። የአፈር ንብርብሬ የልደት ቀን ወጣለት። ይህ ደግሞ የእኔ ብቻ ጣጣ አይደለም፣ ማርች1 የሚባለውን የሰው ጂን ኤክሴል ቀን እያደረገ ተመራማሪዎቹን ሲያስቸግር ኖሮ፣ የጂን ስሞችን የሚያጸድቀው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2020 ሌላ ስም መስጠቱን ይፋ አደረገ። ሶፍትዌሩ ሳይታረም ጂኑ ቀድሞ ስም ቀየረ!

ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ አንድ አቋራጭ አለ። ጓደኛዬ ነው ያሳየኝ። ቻርቱ ላይ አንዱን መስመር ክሊክ ስታደርግ ላይ ፎርሙላ ባሩ ላይ ሲሪስ የሚል ፎርሙላ ይመጣል። ውስጡ በኮማ የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ ሁለተኛው ኤክስ፣ ሦስተኛው ዋይ ነው። እነሱን እዚያው አቀያይረህ ኢንተር። ከሴሌክት ዳታ በጣም ይሻላል። ከዚያ ዋዩን ፎርማት አክሲስ ገብተህ «ቫልዩስ ኢን ሪቨርስ ኦርደር» የምትለዋን ምልክት ታደርጋለህ፣ ዜሮው ወደ ላይ ይወጣል። ኤክሱም አብሮ ተነሥቶ ግራፉ አናት ላይ ይወጣል። ባር ቻርት ላይ ይህ ሲሆን ያበሳጨኝ ነበር፣ ለአፈር ግን እዚያው ነው የምፈልገው፣ ስለዚህ አንድ ጊዜ እንኳ ጠቅሞኛል።

አሁን ኮመንት ላይ «አር ተማር፣ ፓይተን ተማር» እያላችሁ ኮድ ጽፌ ግራፍ እንድሠራ የምትመክሩ ትመጣላችሁ። አውቃለሁ፣ እዚያ ኤክስና ዋይን ቦታ ማቀያየር የሁለት ቃል ሥራ ነው። አድቫይዘሬ ግን ግራፉን ወርድ ውስጥ ከፍተው፣ ራሳቸው ቀለሙን ነካክተው፣ ፎንቱን ቀይረው ማየት ይፈልጋሉ። ሥዕል አድርጌ ስልክላቸው «ይህ አይነካም እንዴ?» ይሉኛል። እሳቸውን ፓይተን ላስተምር?

ሁሉንም ሲሪስ በአንድ ጊዜ የሚያገላብጥ፣ የሞከረው ማክሮ (ኤክሴል ውስጥ ሥራውን በራሱ የሚሠራ አጭር ኮድ) ያለው ሰው ካለ ኢንቦክስ ያድርግልኝ፣ ምርቃቱን ከነቡናው እችላለሁ። «ስዊች ሮው/ኮለም ተጫን» ብሎ የሚጽፍልኝ ግን ያለ ማስጠንቀቂያ ብሎክ ነው።