በአማካይ በየ10 ደቂቃው መኪና ካለ የሚጠበቀው 5 ደቂቃ ነው? ሁልጊዜ አይደለም

«ከፒያሳ ወደ ቧንቧ ውሃ ሰፈር በሰዓት 6 ታክሲ ካለ ሰው በአማካይ 5 ደቂቃ ነው የሚቆመው» ላልከው ወንድሜ፦ ይህ የሚሠራው ታክሲዎቹ እኩል ተራርቀው ከመጡ ብቻ ነው።

አንዱ በ2፣ ቀጣዩ በ18 ደቂቃ እየተፈራረቁ ይምጡ እንበል። አማካይ ክፍተቱ ያው 10 ነው። ሰው በየደቂቃው አንድ አንድ ቢደርስ ግን ከ20ው 18ቱ የሚወድቁት ረጅሙ ክፍተት ውስጥ ነው። ክፍተቶቹን ካሬ አድርገህ ደምር፦ 4 እና 324፣ 328። ለክፍተቶቹ ድምር (20) እጥፍ፣ ለ40 አካፍል፦ 8.2 ደቂቃ። አንድም መኪና ሳይቀነስ!

ክፍተቱ የሚዛባበት መነሻው ትንሽ ነገር ነው። ሰኞ፣ በገበያ ቀን፣ አንድ ኩንታል ጤፍ ፖርቶመጋላ ላይ እስኪታሰር 3 ደቂቃ ይሄዳል። የዘገየውን ብዙ ሰው ይጠብቀዋል፣ ሲጭን ይብስ ይዘገያል፤ የኋላው የሚጭነው አጥቶ ይደርስበታል።

መኪና ቢጨመርም ተከታትሎ ይመጣል። ተራ አስከባሪው ሰዓት አይቶ ይልቀቅ፣ 10 ደቂቃ ሳይሞላ አይውጣ። «ሲሞላ ይወጣል» ከሆነ ግን መሃል መንገድ ለቆመው ቀመሩም አይሠራም፤ ወንበር የሌለው ታክሲ እንዳልመጣ ነው የሚቆጠረው።