ይድረስ ለክቡር አርፒኤም (የሞተር ዙር በደቂቃ ቆጣሪ)፣ ባሉበት ዳሽቦርድ

ጉዳዩ፦ ያልተዞረ ዙር መቁጠርን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እኔ ደህና ነኝ። መኪናዋም ደህና ናት። እርስዎን የጠየቀ ሰው ግን ሞተሯ ከፈነዳ ቆይቷል ብሎ ይሄዳል።

ምናልባት አያውቁኝ ይሆናል። የተሰኩባት አሮጌ ኤንትሬ ፊያት የጭነት መኪና ሾፌር ነኝ። ሥራችን ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ለሰኞ ገበያ ባቲ ነው። ሲገኝ ደግሞ በሐይቅ አድርገን ወልድያ። እርስዎን የገዛዎት የባለንብረቱ ልጅ ነው። ክፋት የለበትም፣ አቦ። ብቻ የሚያብረቀርቅ ነገር ካየ ማለፍ አይችልም። ዳሽቦርዷ ላይ ከአየርና ከዘይት ግፊት ማሳያው በቀር የሚሠራ ነገር ስላልነበረ አዘነላት መሰለኝ።

ፊትዎ ላይ እስከ 8 ሺህ ተጽፏል። ጎንዎ ላይ ቀይ መብራት አለች። ማርሽ ቀይር ለማለት ነው አሉን። ለእሽቅድምድም ቤንዚን መኪና ያምርብዎት ነበር። የእኛዋ እመቤት ግን ወደ 2 ሺህ ስትጠጋ ጉልበቷን ጨርሳለች። ከፊትዎ ሦስት አራተኛው ለእሷ የማይኖርበት አገር ነው።

የመጡ ሰሞን ዜሮ ላይ ቁጭ አሉ። ሞተሩ እየጮኸ፣ መስታወቱ እየተንቀጠቀጠ፣ እርስዎ ዜሮ። ሲጣራ ለካ ቦቢና (ለካንዴላው የእሳት ብልጭታ የሚልከውን) እየጠበቁ ኖሯል! ቤንዚን መኪና ላይ የሚቆጥሩት ከቦቢናው የሚመጣውን ምት ነው። ናፍጣ ላይ ቦቢናም ካንዴላም የለም። አየሩ ሲታመቅ ይግላል፣ ናፍጣው ሲረጭበት ይቀጣጠላል፤ በቃ። ይህን ደሴ ጢጣ ላይ ጎማ የሚነፋ ልጅ ያውቀዋል። እርስዎ ያን ሁሉ ባሕር ተሻግረው ሲመጡ አልነገሩዎትም?

የመብራቱንም ነገር አንርሳ። መኪናዋ 24 ቮልት፣ እርስዎ 12። ኤሌትሪሻኑ ከሁለቱ ባትሪ ከአንዱ ብቻ ጎተተልዎ። አሁን አንዱ ባትሪ ይራባል፣ ሌላው ከልኩ በላይ ይጠግባል። በየመሥሪያ ቤቱ ያለ ነው ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ ኤሌትሪሻኑ ከዲናሞው ጀርባ ደብልዩ የተጻፈባት ብሎን አገኘ። (ዲናሞውም የሌላ መኪና ነው፤ ይህች መኪና ላይ የራሷ የሆነ ነገር ብዙ አልቀረም።) ከዚያች ብሎን የሚወጣው ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥታ ከመለወጡ በፊት ያለው ነው፤ ከፍ ዝቅ እያለ ይመታል። ብዙ የናፍጣ አርፒኤም የሚቆጥረው እሱን ነው። መንገዱ ትክክል ነው፣ ሐቁን ልናገር። ግን ሒሳብ ይፈልጋል፤ እርስዎና ሒሳብ ደግሞ አልተዋወቃችሁም።

ይኸውልዎ። ዲናሞው አንድ ሲዞር ስድስት ምት ይሰጣል። የሞተሩ ፑሌጃ፣ ቺንጊያ (ቀበቶ) የሚጠመጠምበት ክብ ብረት፣ የዲናሞውን ሁለት እጥፍ ተኩል ነው፤ ሞተሩ አንድ ሲዞር ዲናሞው ሁለት ተኩል ይዞራል። እንግዲህ በአንድ የሞተር ዙር 15 ምት መጣልዎ። ጀርባዎ ላይ ያለችው የሲሊንደር ቁጥር መምረጫ ደግሞ ቢበዛ እስከ ስምንት ሲሊንደር ናት። ስምንት ሲሊንደር ቤንዚን በአንድ ዙር 4 ምት ነው የሚሰጠው። 15ን ለ4 ያካፍሏት። እውነቱን በአራት እጥፍ ለማብዛት ጥቂት ነው የቀረዎት።

ስለዚህ ቆመን፣ ሻይ እየጠጣን፣ ሞተሩ በ600 ሲንተከተክ እርስዎ 2,250 ይላሉ። ሜዳው ላይ በ1,600 ስናዘግም 6 ሺህ ያውጃሉ። የልጁን ደስታ ባዩ! «ይኸው፣ እስከ ላይ ሠራ!» አለ። ቀድሞ ጭራሽ አለመሥራቱ ነበር ያሳሰበው። አብሽር አልኩትና ዝም አልኩ። ሰው የገዛው ዕቃ ላይ ብዙ አይባልም።

ቺንጊያው ላልቶ ሲንሸራተት ዲናሞው ይዘገያል፣ እርስዎም አብረው ዝቅ ይላሉ። ዲናሞው ማመንጨት ያቆመ ለታማ ሞተሩ እየሠራ ሞቷል ብለው ያረዱናል።

ይህ ሁሉ ሳቅ ነበር። ደብዳቤውን ያስጻፈኝ የሐረጎ ቁልቁለት ነው።

ሐረጎን በመስኮት ብቻ ስለሚያዩት ልንገርዎት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያን ቁልቁለት ጭነት ይዞ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ታች ሲደርስ ፍሬን የለውም፤ ከደረሰ። የሚያወርደን ሞተሩ ነው። ከላይ ገና ሳይጀመር ከባድ ማርሽ ይገባል፣ ከዚያ ሞተሩ መኪናዋን ይዟት ይወርዳል። እውነተኛ አርፒኤም የሚያስፈልገውም እዚሁ ላይ ነው። ዙር ሲበዛ ፖምፓው ናፍጣ ይቀንሳል፤ ከኋላ በጎማው በኩል ሞተሩን የሚገፋውን ጭነት ግን የሚቀንስ ፖምፓ አልተሠራም። ዙሩ ካለፈ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። እኔ ይህን በጆሮዬ ነው የምጠብቀው። አዲስ ሾፌር ያን ጆሮ ገና አላወጣም፤ ዓይኑን ነው የሚያምነው። እርስዎ የገቡት በዚያ በኩል ነው።

ተለዋጭ ሾፌራችን ወጣት ነው፣ ጥንቁቅ ነው። ሐረጎን በደንቡ ጀመረ። ሞተሩ በእኔ ጆሮ 1,800 ቢሆን ነው። እርስዎ 6,750 ብለው ቀይ መብራትዎን ቦግ አደረጉ። ልጁ ደነገጠ። ሞተሩን ላድን ብሎ እጁን ወደ ማርሹ ሰደደ። ፎሌ ሊያደርጋት፣ ከማርሽ ሊያወጣት! ጭነት ላይ፣ ሐረጎ ላይ፣ ፎሌ! እጁን ያዝኩት። ከዚያ በኋላ የተናገርኩት በግልጽ ደብዳቤ አይጻፍም። አብዛኛው ግን ለእርስዎ እንጂ ለእሱ አልነበረም።

ዜሮ ላይ ሳሉ ይሻሉ ነበር። ዜሮን ማንም አያምንም።

ወገኖችዎ ሁሉ እንዲህ አይደሉም። ለናፍጣ የተሠራው የደብልዩን ምት ያውቃል፣ ጀርባው ላይ ማስተካከያ አለው። የሞተሩ ፑሌጃ ላይ አንጸባራቂ ፕላስተር ይለጠፋል፤ በብርሃን የሚቆጥረው የእጅ መለኪያ ይደቀንበታል፤ ሁለቱ አንድ ቁጥር እስኪናገሩ ማስተካከያው ይጠመዘዛል። ሌላም አለ፤ የቮላኖውን (ከሞተሩ ጋር የሚዞረውን ባለጥርስ ከባድ ብረት) ጥርስ በማግኔት እየቆጠረ የሚሄድ። እሱ ቺንጊያ ላላ፣ ዲናሞ ሞተ፣ ግድ የለውም። ጥርሱ ስንት እንደሆነ አንዴ ይነገረው እንጂ አይዋሽም። እርስዎ ማስተካከያም የለዎትም። ገልብጬ አይቻለሁ።

ልጁን ይነቀልና ይሸጥ ስለው «ያምራል እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ማታ ሲበሩ ያምራሉ። እንግዲህ ገዢ እስኪገኝ ድረስ መብራትነትዎ ጸድቆልዎታል። ቁጥር ግን እንዳይናገሩ።

ከሰላምታ ጋር
የመኪናዋ ሾፌር

ግልባጭ፦
ለባለንብረቱ ልጅ፦ እንዲያውቁት፣ ደግሞም የፍሬን ሸራው ማለቁን እንዲያስታውሱ።
ለዲናሞው፦ ምቱን ለማይገባው እንዳይሰጥ።
ለተለዋጭ ሾፌሩ፦ ከተነበበ በኋላ ታጥፎ በናስትሮ አርፒኤሙ ፊት ላይ ይለጠፍ።