ምስጋና ለወርክሾፕ ጀግኖቻችን

የመሐል አዲስ አበባ ሆቴሎች ባይኖሩ ድርቁን ማን ይቆጥርልን ነበር? ከስታዲየም እስከ ካዛንቺስ ለአርብቶ አደሩ የማይታሰብበት አዳራሽ የለም። ባነሩ ተሰቅሏል፣ ባጁ ተንጠልጥሏል። «የአየር ንብረት ለውጥ ያደረሰው ኪሳራና ጉዳት ግምገማ» ይላል።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሦስት ሰዓት ተብሎ አራት ሰዓት ይጀመራል፤ አራት ተኩል ሻይ ነው። በዚያች ግማሽ ሰዓት ሁሉም ራሱን ያስተዋውቃል፣ ክቡር እንግዳው ይከፍታሉ፣ የቡድን ፎቶ ይነሳል። ፎቶው ላይ አንድም ባለድርሻ አካል አይቀርም። ከብት የሞተበት ሰው ብቻ ነው የሚጎድለው።

ከሻይ በኋላ ቅጹ ይታደላል። ያዘጋጀው ሰው እጁ ይባረክ! የሞተችው ላም ዕድሜ፣ ዝርያ፣ ዋጋዋ በዶላር። ቀጥሎ «የሞተችው በአየር ንብረት ለውጥ ነው ወይስ በተለመደው ድርቅ?» ይላል። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ቦረና ላይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከድተዋል። የከሳች ላም ከተኛችበት መነሳት ሲያቅታት ባለቤቷ ጎረቤት ጠርቶ፣ አንዱ ቀንዷን ሌላው ጭራዋን ይዞ ያቆማታል። በማግስቱም እንደዚያው። ለዚህ የሚሆን ሳጥን ቅጹ ላይ ስለሌለ «ሌሎች» የሚለው ውስጥ ይገባል።

ገንዘቡስ? አይዟችሁ፣ ለኪሳራና ጉዳት የሚከፍል ፈንድ አለ። በ2022 እ.ኤ.አ. ሻርም ኤል ሼክ ላይ፣ ኮፕ በሚባለው የአየር ንብረት ጉባኤ፣ የዓለም አገሮች ተስማሙ፤ በ2023 ዱባይ ላይ ሥራ ይጀምር ተብሎ ተጨበጨበ። ዱባይ ላይ ቃል የተገባው ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። በ2030 ታዳጊ አገሮች በዓመት ከ290 እስከ 580 ቢሊዮን ዶላር ሊከስሩ ይችላሉ የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ ጨለምተኞች ናቸው፣ አትስሟቸው። ድሮ ላም አለኝ በሰማይ ሲባል ወተቷ አይታይም ነበር። የአሁኗ ላም ግን ቦርድ አላት፣ ዋና ዳይሬክተር አላት፣ ዓለም ባንክ ደግሞ ባለአደራዋ ነው። ወተቱ ቀስ ብሎ ይደርሳል።

እስከዚያው አበሉ አለ። እሱ እንኳን ሳይዘገይ፣ በዚያው ቀን በፖስታ ነው። (በዚህ ፍጥነት ለከብት የሚከፍል ፈንድ ቢገኝ እኔም ከብት አረባ ነበር።)

በ2027 ደግሞ ኮፕ 32 ራሱ አዲስ አበባ ይመጣል። ባነር አታሚዎች፣ ቦርሳ አቅራቢዎች፣ ተዘጋጁ! ከቦረና የሚጋበዝ አርብቶ አደር ካለ መታወቂያውን ኮፒ አድርጎ፣ የአውቶቡስ ደረሰኙን ከነማኅተሙ ይዞ ይምጣ። ያለ ደረሰኝ ትራንስፖርት አይወራረድም።