ሁሉም «ተጫዋች» ሆነ እንዴ?

«የክራር ተጫዋች»፣ «የዋሽንት ተጫዋች»፣ «የከበሮ ተጫዋች» ሲባል ስሰማ ይደክመኛል። ኳስ ሜዳ ነን እንዴ?

አማርኛ እኮ ለየመሣሪያው የራሱ ግስ አለው። ዋሽንት፣ እምቢልታና መለከት ይነፋሉ። ከበሮ ይመታል፣ ሲሞቅ ደግሞ ይደለቃል። ነጋሪት ይጎሰማል። ነጋሪት ጎሳሚ! ቃሉ ራሱ ድም ድም ይላል። ክራር ሲፈልጉ ይገረፋል፣ ሲፈልጉ ይመታል። ይህን ሁሉ ትተን «ተጫዋች»ን መረጥን።

የበገናው ይብሳል። ሰውየው ዐይኑን ጨፍኖ፣ 10 አውታር እየነካ፣ በዝግታ ያመሰግናል። አስተዋዋቂው ተነሥቶ «በገና ተጫወተልን» ይላል። ኧረ ደረደረ በል! በገና ደርዳሪ የሚባል ያማረ ስም እያለ?

ማሲንቆ የያዘውን ሁሉ «አዝማሪ» ማለቱም ሌላ ጣጣ ነው። መሣሪያውን ብቻ የሚመታ፣ አንድም ግጥም የማይወጣው ሰው አለ እኮ።

ዘመናዊዎቹ ጋ ስንደርስ ደግሞ ዝብርቅርቅ ነው። ፒያኒስት፣ ጊታሪስት፣ ሳክስፎኒስት፣ እሺ። ድራም የሚመታው ግን ድራመር ነው። «ድራሚስት» ያለም ሰምቻለሁ፣ አልፈርድበትም። ትራምፔት የሚነፋ ጓደኛዬን አንድ ቀን «መለከት ነፊው» ብዬ ባስተዋውቀው ቤቱ በሳቅ ሞተ። እሱም አብሮ ሳቀ!