ያረጀ ውሻ ሲያነክስ፣ እዚህና አገር ቤት

ያረጀ ውሻ ከተኛበት ሲነሳ ኋላ እግሩን ይጎትታል፣ ጥቂት ሲራመድ ይፍታታል፣ ሲመሽ ደግሞ እንደገና ይደርቃል። ያየው ሁሉ «አርጅቷል እኮ» ብሎ ያልፈዋል። አገር ቤት የሚደረግለት ነገር የለም ተብሎ ይተዋል። ውጭ አገር ያለነው ደግሞ ዱቄቱን፣ እንክብሉን፣ ቅባቱን በየወሩ እንገዛለን፤ ውሻው ግን በፍቅር ብዛት ወፍሮ የራሱን ክብደት መሸከም አቅቶታል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አገር ቤት ያለው ውሻ ብዙ ጊዜ ቀጭን ነው፣ ማስታገሻ ግን አያገኝም፤ እዚህ ያለው ማስታገሻ ያገኛል፣ ከሁሉም የሚበልጠውን መድኃኒት፣ ቅጥነቱን ግን ነሥተነዋል።

ይህ የሚያስነክሰው በሽታ የመገጣጠሚያ መበላት (ኦስቲዮአርትራይቲስ) ነው፤ የሚሠራውም እንዲህ ነው። የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ሽፋን ይሳሳል፣ መገጣጠሚያውን የሚያለሰልሰው ፈሳሽ ይቀጥናል፣ ዳርና ዳሩ ላይ ትርፍ አጥንት ያቆጠቁጣል። መነሻው አብዛኛውን ጊዜ የቆየ ነው፦ በቡችላነት በደንብ ያልገጠመ ዳሌ ወይም ክርን፣ የተበጠሰ የጉልበት ጅማት፣ ተሰብሮ ተጣሞ የጠገነ እግር። የተበላው ሽፋን ተመልሶ አይበቅልም። ሕመሙ ግን ይቀንሳል፣ ውሻውም ለዓመታት ደህና ሊራመድ ይችላል።

ውሻ ሲያመው ይጮኻል ብለን ስለምናስብ ዝም ያለውን ደህና ነው እንላለን። የቆየ የመገጣጠሚያ ሕመም ብዙ ጊዜ አያስጮኽም። ውሻው ደረጃ ሥር ሲደርስ ያመነታል፣ መኪና ላይ መዝለል ይተዋል፣ አንድ ቦታ ደጋግሞ ይልሳል፣ ሲነኩት ያልለመደበትን ያጉረመርማል። ከኋላው ቆማችሁ ሁለቱን ጭኖች በሁለት እጃችሁ ያዙ፤ የሚቆጥበው እግር ጡንቻው ሳስቶ ታገኙታላችሁ። የትኛው እግር እንደሆነ ለመለየት ደግሞ ቀስ ብሎ ሲሮጥ ጭንቅላቱን ተመልከቱ። የፊት እግሩ ከሆነ፣ የታመመው መሬት ሲነካ ጭንቅላቱን ያነሳል፣ ጤነኛው ሲያርፍ ዝቅ ያደርጋል። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ያየውና ደህነኛውን እግር ሲያሽ ይከርማል። የኋላ እግር ከሆነ በታመመው በኩል ያለው ዳሌ ከሌላው ይበልጥ ከፍ ዝቅ ይላል። ይህን ከጎን፣ ከፊትና ከኋላ በስልካችሁ ቅረጹና ለሐኪሙ አሳዩ፤ ክሊኒክ ውስጥ ውሻው ከድንጋጤው የተነሳ ማነከሱን ይደብቃልና።

አሁን ወደ ክብደቱ። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመ ጥናት 48 ላብራዶር የሚባል ዝርያ ውሾችን ከቡችላነት እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ተከታትሏል። ግማሾቹ ከአንድ ሆድ ከወጡት ጥንዶቻቸው 25 በመቶ ያነሰ ምግብ በሉ። ያነሰ የበሉት አማካይ ዕድሜያቸው 13 ዓመት ሲሆን የሌሎቹ 11.2 ነበር፤ የመገጣጠሚያ ሕመማቸውም ሕክምና የፈለገው ዘግይቶ ነው። ወፍረው ያነክሱ በነበሩ ውሾች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ከክብደታቸው 6 በመቶ ገደማ ሲቀንሱ ማነከሳቸው በግልጽ እንደተሻለ አሳይቷል። ለ35 ኪሎ ውሻ ይህ 2 ኪሎ ነው። 2 ኪሎ ብቻ!

ስለዚህ የጎድን አጥንቱን ዳብሱ። የእጃችሁን ጀርባ ስትዳብሱ የሚሰማችሁን ያህል አጥንቱ ከተሰማችሁ ልኩ ላይ ነው፤ የመዳፋችሁን ሥጋ ያህል ከደለበ ወፍሯል፤ የተጨበጠ እጅ አንጓ ያህል ከወጣ ከስቷል። ምግቡን በኩባያ አትስፈሩ፣ በሚዛን ለኩ፤ አንዱ ኩባያ ከሌላው ሁልጊዜ ይለያያል። ከሚበላው 10 በመቶ ቀንሱና በየሁለት ሳምንቱ መዝኑት። በሳምንት ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ እየቀነሰ ካልሄደ እንደገና ቀንሱ። ቤት ውስጥ ነገሩን የሚያበላሸው እያንዳንዱ ሰው ሌላው ሳያይ የሚሰጠው ቁራሽ ነው። የቀኑን ድርሻ ጠዋት መዝናችሁ በአንድ ዕቃ አስቀምጡ፤ ማንም ሊሰጠው ቢፈልግ ከዚያው ይውሰድ። ምግብ መከልከል ጭካኔ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ውሻው ግን በእያንዳንዱ እርምጃ የሚከፍለው ያንን ቁራሽ ነው።

እንቅስቃሴው ላይም ሁለታችንም ተሳስተናል። እዚህ ውሻው አምስት ቀን ተኝቶ ይከርምና ቅዳሜ ኳስ ሲያባርር ይውላል፤ እሑድ መነሳት ያቅተዋል። አገር ቤት ደግሞ ታስሮ የሚውለው ውሻ ቀጭንም ቢሆን ይደርቃል። ለታመመ መገጣጠሚያ የሚበጀው አጭርና ተደጋጋሚ ጉዞ ነው፦ በቀን ሦስት ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ በማሰሪያ ተይዞ፣ አራቱንም እግሮች ተራ በተራ ለማሳረፍ በሚገደድበት ዝግታ። በማግስቱ ጠዋት ከወትሮው የባሰ ከደረቀ በዝቶበታል፤ በግማሽ ቀንሱና በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ ጨምሩ። ኳስ መወርወር ይቅር፤ ድንገት ቆሞ መታጠፍ የታመመውን ጉልበትና ክርን ይጎዳል። የጭን ጡንቻ ለመመለስ ከመቀመጥ ወደ መቆም ማስነሳት ጥሩ ነው፦ በማይንሸራተት ወለል ላይ፣ የሚያመው ጎኑ ግድግዳ ተጠግቶ፣ አምስት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ግድግዳው የታመመውን እግር ወደ ውጭ ዘርግቶ እንዳይቀመጥ ይከለክለዋል። ከደከመ አቁሙ።

ወለሉን ማንም አያስበውም። በሴራሚክ ወይም በተወለወለ እንጨት ላይ ያረጀ ውሻ ሲነሳ የኋላ እግሮቹ ይከፈታሉ፣ አንዴ ከተንሸራተተ በኋላ መነሳቱን ራሱ ይፈራል። ከመኝታው እስከ ምግቡ፣ ከምግቡ እስከ በሩ ከሥሩ ጎማ ያለው ምንጣፍ ሳታቋርጡ አንጥፉለት። ሲራመድ ጥፍሩ ወለሉ ላይ የሚንቋቋ ከሆነ ረዝሟልና ቁረጡት፤ በመዳፉ መሐል የበቀለውንም ጸጉር። መኝታው በጡጫ ሲጫኑት መሬቱ የማይሰማ ወፍራም ስፖንጅ ይሁን። ከጉዞ በፊት በጨርቅ የተጠቀለለ የሞቀ ውኃ መያዣ ለ10 ደቂቃ መገጣጠሚያው ላይ ማድረግ ይፈታዋል፤ መጀመሪያ በእጃችሁ አንጓ ውስጠኛ በኩል ሞክሩት። መገጣጠሚያው ራሱ ካበጠና ከሞቀ ግን ሙቀት ያባብሰዋል። ደረጃ ላይ ፎጣ በሆዱ ሥር አሳልፋችሁ ከኋላ ደግፉት።

መድኃኒት ላይ ግን እለምናችኋለሁ፣ ከሰው ሳጥን አውጥታችሁ አትስጡ። እዚህም አገር ቤትም ይደረጋል፣ ውሾችም ይሞቱበታል። 400 ሚሊግራም አይቡፕሮፌን ለ10 ኪሎ ውሻ በኪሎ 40 ሚሊግራም ነው፤ ጨጓራው ለመቁሰል ከዚያ በጣም ያነሰም ይበቃል፣ ቀጥሎ ኩላሊቱ ነው። ዳይክሎፌናክም ያው ነው። ፓራሲታሞል ሐኪም ለክቶ ካልሰጠው ጉበቱንና ቀይ የደም ሕዋሱን ይጎዳል። ለውሻ የሚሰጠው ሜሎክሲካም የተባለው ማስታገሻ እንኳ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ በኪሎ 0.1 ሚሊግራም ነው፤ ለ10 ኪሎ ውሻ 1 ሚሊግራም ማለት ነው። የሰው ፍሬ 7.5 ወይም 15 ሚሊግራም ነው። ልዩነቱን አስቡት።

ለውሻ የተሠሩት ማስታገሻዎች፣ ሜሎክሲካም፣ ካርፕሮፌንና ግራፒፕራንት፣ ይሠራሉ። ከመጀመር በፊት የኩላሊትና የጉበት የደም ምርመራ ያስፈልጋል፣ ከዚያም በየጊዜው ይደገማል። ሜሎክሲካምና ካርፕሮፌን ከምግብ ጋር ይሰጣሉ። ከእነዚህ ሁለቱ ባንድ ጊዜ፣ ወይም አንዱ ፕሬድኒሶሎን ከሚባለው ስቴሮይድ ጋር አይሰጥም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲለወጥም ሐኪሙ የሚወስነው የጥቂት ቀናት ክፍተት አለ። ካስመለሰ፣ ምግብ ከተወ ወይም ሰገራው ከጠቆረ አቁማችሁ ደውሉ። በወር አንዴ ከቆዳ ሥር የሚወጋው ቤዲንቬትማብ የተባለው የሕመም ማስታገሻ በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2020፣ በአሜሪካ በ2023 ተፈቅዷል። ብዙ ውሾችን ረድቷል፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መንገዳገድና መንቀጥቀጥን ጨምሮ ስለተዘገቡ ችግሮች ለሐኪሞች ማሳሰቢያ አውጥቷልና ከመርፌው በኋላ አረማመዱን ተከታተሉ።

ለመገጣጠሚያ ይበጃል ተብሎ ስለሚሸጠው የግሉኮሳሚን ዱቄት ያለው ማስረጃ ደካማ ነው። ገንዘባችሁን የዓሣ ዘይት ላይ ብታውሉት ይሻላል፣ መለያውን ማንበብ ከቻላችሁ። የሚቆጠረው ኢፒኤና ዲኤችኤ የሚባሉት የኦሜጋ 3 ቅባቶች ድምር ነው፤ በኪሎ ከ75 እስከ 100 ሚሊግራም በቀን። «1000 ሚሊግራም» የሚለው የተለመደው እንክብል ከሁለቱ የያዘው 300 ገደማ ነው፤ ስለዚህ ለ30 ኪሎ ውሻ አንድ እንክብል ሰጥቶ አልሠራም ማለት አይቻልም። በሩብ ጀምሩ፣ በሁለት ሦስት ሳምንት አድርሱት፣ አለዚያ ያስቀምጠዋል። ለውጡን ለማየት ሁለት ወር ያህል ጠብቁ። ዘይቱ ራሱ ካሎሪ ስለሆነ ከምግቡ ቀንሱ። የዓሣ ጉበት ዘይት ግን ቫይታሚን ኤና ዲ ስለሚበዛበት በዚህ መጠን አይሰጥም።

ማነከስ ሁሉ የመገጣጠሚያ እርጅና አይደለም። ድንገት እግሩን ጨርሶ መሬት ካላስነካ ጅማት ወይም ስብራት ሊሆን ይችላል። ትልቅ ዝርያ ላይ ከፊት እግሩ አንጓ በላይ ወይም ጉልበቱ አጠገብ ጠጠር ያለ እብጠት ከታየና ሕመሙ ከሳምንት ሳምንት ከባሰ የአጥንት ነቀርሳ መጠርጠር አለበትና ራጅ ይነሳ። ማነከሱ ከእግር ወደ እግር የሚዞርና ትኩሳት ያለበት ከሆነ መዥገር የሚያመጣው በሽታ ይመርመር። መዳፉን ገልብጦ የሚረግጥ፣ የጥፍሩ አናት እየተፋቀ ያለቀ ውሻ ችግሩ ነርቭ ወይም አከርካሪ ላይ ነው፤ ለእሱ ከላይ ያለው ሁሉ በቂ አይደለም፣ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።